ቤቱ በረኪና ይሸታል፣ የእማዬ ትኩሳት ግን አልሄደም

ሰሞኑን ኢንተርኔት ላይ ያነበብኩት አንድ የውይይት ክር እንቅልፍ ነሳኝ። ስለ ፖለቲካ አይደለም። ስለ ኳስም አይደለም። ስለ ሽንት ከረጢት ነው። ሳቁ፣ ግድ የለም። እኔም ፈገግ ብዬ ነው የከፈትኩት። ስድስተኛው ምላሽ ላይ ስደርስ ግን ሻዬ ቀዝቅዞ ነበር።

ክሩን የከፈተችው አዲስ አበባ የምትኖር ሴት ናት። እናቷን ስትሮክ ከመታቸው ሰባት ወር ሆኗል። ግራ ጎናቸው አይታዘዝም፤ የአልጋ ቁራኛ ናቸው። ከሆስፒታል የወጡት የሽንት ቱቦ፣ ካቴተር የሚባለው፣ እንደገባላቸው ነው፤ ሽንቱ በቱቦው ወደ ከረጢት ይወርዳል። ከዚያ ወዲህ የሽንት ኢንፌክሽን አራት ጊዜ ጥሏቸዋል። መጀመሪያ ብርድ ብርድ ይላቸዋል። ከዚያ ትኩሳት። ባለፈው ጊዜማ የገዛ ልጃቸውን እስከማያውቁ ድረስ ተደናግረው ነበር።

ሴትዮዋ በንጽሕና የምትታማ አይደለችም። ወለሉ ጠዋትና ማታ በበረኪና ይወለወላል። መግቢያው ላይ ሳኒታይዘር ተቀምጧል። ሠራተኛዋ ጓንት ታደርጋለች። አንሶላ በየቀኑ ይቀየራል። ጎረቤት ሲገባ የሆስፒታል ሽታ ሸተተን ይላል። ታዲያ ምን ቀረ? ኢንፌክሽኑስ ከየት ይመጣል? ጥያቄዋ ይኸው ነው።

ይህን ስጽፍ 34 ምላሾች ደርሰዋል። ሁሉንም አንብቤያለሁ። አንዱ የእኔ ነው። ስንደርስበት እነግራችኋለሁ፤ የሚያኮራ አይደለም።

1ኛውና 2ኛው ምላሽ ምርቃት ናቸው። እግዜር ይማርልሽ፣ እናትን ማስታመም ጽድቅ ነው፣ የመሳሰለው። የእኛ ሰው ምክር ከመስጠቱ በፊት ይመርቃል፤ ደግሞም ጥሩ ነው።

3ኛው ግን አልመረቀም። ቀጥታ ወደ ሠራተኛዋ ሄደ። የዘንድሮ ሠራተኛ እጇን ሳትታጠብ ነው በሽተኛ የምትነካው፣ ካሜራ አስገቢና ታያታለሽ ሲል ጻፈ። ስለ ልጅቷ ምንም አያውቅም። ስሟን እንኳ አልሰማም። ፈረደባት።

4ኛዋ ለእሱ ነው የመለሰችው። ቤይሩት ውስጥ ስድስት ዓመት አሮጊት አስታማ የተመለሰች ሴት ናት። ካሜራውን ትታ አንድ ነገር ጠየቀች፦ ለልጅቷ በቀን ስንት ጓንት ይሰጣታል? እሷ በሠራችበት ቤት በቀን አንድ ጥንድ ነበር የሚሰጣት። በዚያው ጓንት አሮጊቷን ታጥባለች፣ ሽንት ትደፋለች፣ የበር እጀታ ትይዛለች፣ መድኃኒት ታቀብላለች። ማታ ጓንቱን አጥባ ታሰጣዋለች። አሠሪዋ ግን ጓንት ስላየች ልቧ ያርፍ ነበር። 5ኛው ተነስቶ ለ3ኛው ጠበቃ ቆመለት። ሁሉም ሠራተኛ አንድ አይደለም፣ የቸገረውም ሰው አለ እያለ ነገሩን አለዘበ። ምን ለማለት እንደፈለገ እስካሁን አልገባኝም።

6ኛዋ መጡ። ጡረታ የወጡ ነርስ መሆናቸውን ጽፈዋል፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም ሰው ሲስተር እያለ ነው የጠራቸው። ረጅም ጽሑፍ ነው። ፍሬ ነገሩ ጓንት በመጀመሪያ የሚጠብቀው ባለ እጁን ነው፣ ብቻውን በሽተኛውን አይጠብቅም የሚል ነው። ጓንት ያደረገ ሰው እጁ የቆሸሸ አይመስለውም። ስለዚህ ባዶ እጁን ቢሆን የማይነካውን ሁሉ ይነካል። ጓንት ከማድረግ በፊት መታጠብ፣ ካወለቁ በኋላም መታጠብ። ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ሲታለፍ መቀየር። በአንድ ጥንድ ጓንት ከሰገራ ወደ ሽንት ቱቦ ከተኬደ፣ ጀርሙን እጁን ይዞ ማሻገር ነው።

መቼ መታጠብ እንዳለበትም ዘረዘሩ። በሽተኛውን ከመንካት በፊት። ቱቦ፣ ቁስል ወይም መርፌ ያለበት ሥራ ከመጀመሩ በፊት። ሽንት፣ ሰገራ ወይም ደም ከተነካ በኋላ። በሽተኛውን ነክቶ ሲጨረስ። አልጋውንና ኮመዲኖውን ብቻ ነክቶ ሲወጣም ቢሆን። የዓለም ጤና ድርጅት ለጤና ባለሙያ ያወጣቸው አምስቱ ጊዜዎች እነዚህ ናቸው፤ ለቤትም ይሠራሉ አሉ። በውሃና በሳሙና ከሆነ ሁሉ ነገሩ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ። አውራ ጣት፣ የጣት መሐል፣ የጥፍር ሥር። ብዙ ሰው መዳፉን ከመዳፉ አሻሽቶ ይጨርሳል፤ ጀርሙ ግን ጥፍር ሥር ቁጭ ብሏል።

መጨረሻ ላይ ሦስት ጥያቄ ጣሉ። ቱቦው ከከረጢቱ ጋር የሚገጣጠምበትን ቦታ የሚከፍት ሰው አለ ወይ? ከረጢቱ የት ነው የሚሰቀለው? ሲሞላስ በምን ይገለበጣል? ልብ አድርጉ፣ የክሩ ቁልፍ እዚህ ነበር። ማንም አላስተዋለውም። እኔንም ጨምሮ።

ምክንያቱም 7ኛው የውሃን ነገር አነሳ። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን በሚመጣበት ሰፈር ነው የሚኖረው። ቧንቧ ከፍቶ አንድ ደቂቃ መታጠብ ለእሱ ቅንጦት ነው። አባቱን የሚያስታምመው በበርሜል ውሃ ነው። በርሜሉ ውስጥ ጣሳ እየተነከረ፣ በጣሳው የሁሉም እጅ እየተነከረ። 8ኛዋ ይህንን ስታነብ ዝም ማለት አልቻለችም። ገጠር በጤና ኤክስቴንሽን የሠራች ናት። በፈረንጆቹ 2003 በተጀመረው ፕሮግራም ውስጥ ለየቤቱ የሚያስተምሩትን አስታወሰች፦ ጄሪካን በእንጨት ላይ ይንጠለጠላል፣ ገመዱ በእግር ሲረገጥ ያዘነብላል፣ ውሃው በቀጭኑ ይወርዳል። እጅ ጄሪካኑን አይነካም። ቧንቧ ያለው ባልዲም ያው ነው። ዋናው ውሃው እየፈሰሰ መሆኑ ነው፤ እጅ የነከርንበት ውሃ ተመልሶ ወደ እጅ እንዳይመጣ። ለ40 ሰከንዱም መላ አላት። ውሃው የሚያስፈልገው መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ነው። መሐሉን በሳሙና እያሹ መቆየት ነው፤ ያኔ ውሃው ዝግ ነው። አንድ ኩባያ ይበቃል።

9ኛው እኔ ነኝ። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ ውሃ ከሌለ አልኮል አለ፣ አልኮል ከተገዛ ደግሞ 96 በመቶውን ነው፣ ጠንካራው እሱ ነው። በሙሉ ልብ ነበር የጻፍኩት። አባቴን ሳስታምም ሁለት ዓመት የተጠቀምኩት እሱን ነው።

10ኛው ፋርማሲስት ነው። በትሕትና አጠፋኝ። 96 በመቶው ቶሎ ይተናል፣ የጀርሙን ውጫዊ ክፍል አድርቆ ይቀራል። ፕሮቲኑን ለማፍረስ ውሃ ያስፈልገዋል። ለዚህ ነው 70 በመቶ አካባቢ ያለው የሚሻለው። የዓለም ጤና ድርጅት ለእጅ የሚቀመመው ውስጥ ኤታኖሉን 80 በመቶ ያደረገውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ እጅ እንዳይደርቅ ደግሞ ትንሽ ግሊሰሪን ይጨመርበታል። ከ20 እስከ 30 ሰከንድ እስኪደርቅ ማሸት። ሌላም ጨመረልኝ። በዓይን የሚታይ ቆሻሻ ያለበትን እጅ አልኮል አያጸዳውም። ተቅማጥ የሚያስከትሉ አንዳንድ ጀርሞችንም አይገድልም። ስለዚህ ዳይፐር ከተቀየረ በኋላ ሳሙናና ውሃ ግድ ነው። አመስግኜ ወጣሁ። ሌላ ምን አደርጋለሁ?

ከዚያ በረኪናው መጣ። 11ኛዋ በረኪናን ሳትበርዝ እንደምትጠቀም ስትጽፍ ኩራት ነበረባት። ዓይን እስኪያቃጥል ካልሸተተ ንጹሕ ሆነ አይባልም ባይ ናት። 12ኛዋ ዱባይ የምትሠራ ልጅ ናት። አንድ ቀን ሽንት ቤት ዘግታ ክሎሮክሱን፣ ያው በረኪናውን፣ ከሽንት ቤት ማጠቢያው አሲድ ጋር ደባለቀችው፤ ሁለቱ ሲገናኙ ይበልጥ ያጸዳሉ ብላ። እየተንቆራጠጠች ነው የወጣችው። ሳምንት ሙሉ ሳል። የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ እንደሆነ ያወቀችው በኋላ ነው። አሁን ከሌላ ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አትደባልቅም፤ መስኮት ሳትከፍትም አትነካውም።

13ኛው ጤና መኮንን ነው፤ ሒሳቡን አስቀመጠ። ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ የሚል ከሆነ፣ ደም ወይም ሌላ የሰውነት ፈሳሽ ለፈሰሰበት 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውሃ። 0.5 በመቶ ይሆናል። እንዲሁ ለሚነካኩ ቦታዎች፣ ለበር እጀታና ለአልጋ ብረት፣ 1 እጅ በ49 እጅ ውሃ ይበቃል። መጀመሪያ ግን ቆሻሻው በሳሙና መነሳት አለበት። በረኪና ቆሻሻ ላይ ሲፈስ ኃይሉን እዚያው ይጨርሳል። ከዚያ 10 ደቂቃ ያህል እርጥብ ሆኖ ይቆይ። የተበረዘው ለነገ አያድርም፤ በየቀኑ አዲስ ነው። ወለሉን በተመለከተ ደግሞ የተናገረው ብዙ ሰው ያስቆጣ ነገር ነው። በሽተኛዋ ወለሉን አይልሱትም፤ ወለሉ ላይ የምታፈሱትን ጉልበት እጃችሁ ላይ አውሉት የሚል። አነጋገሩ ጨከን ያለ ነው። ግን ልክ ነው።

14ኛዋ ጠያቂን አነሳች። እዚህ ላይ ክሩ ሞቀ። የታመመ መጠየቅ የእኛ ትልቁ ነገር ነው። ሰው ከታክሲ ወርዶ፣ ገንዘብ ቆጥሮ፣ እጁን ጨብጦ፣ ቀጥታ ወደ አልጋው ይመጣል። በሽተኛውን ይስማል። አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣል። ጉንፋን የያዘውም ይመጣል፤ ካልመጣ ቀረ ይባላል። እሷ አንድ ጊዜ ለአክስቷ እባክዎ እጅዎን ይታጠቡ ብትል አክስቷ ለሁለት ወር አኮረፉ።

15ኛው በዕድሜ ገፋ ያሉ አባት ይመስሉኛል። ተናደዋል። የሰው ፍቅር መድኃኒት ነው፣ እናንተ ጠያቂን እንደ ጀርም መቁጠር ጀመራችሁ ሲሉ ወቀሱ። ያለ ሰው የሚሞት በሽተኛ በጀርም ከሚሞተው እንደሚበዛም አከሉ። ቁጥሩን ከየት እንዳመጡት አልተናገሩም። ቁጣቸው ግን ከእውነት የራቀ አልነበረም።

16ኛዋ መልሱን አገኘችው። ከክሩ ሁሉ የወደድኩት ይኼንን ነው። እኛ ለእንጀራ ማንን አስታጥበን ማን ተቀየመን? ልጅ ማንቆርቆሪያና ማስታጠቢያ ይዞ፣ ፎጣ ትከሻው ላይ ጥሎ ሲመጣ፣ ሽማግሌው ተነስተው ይታጠባሉ፤ ይመርቃሉም። እሷ ቤት አያቷ በታመሙ ጊዜ ያንኑ ወደ በሩ አመጡት። የስምንት ዓመት ልጇ በር ላይ ይቆማል። ጠያቂ ሲገባ ያስታጥባል። ያኮረፈ ሰው የለም። ልጁ ግን ሽልማት እየለመደ አስቸገረ ብላ ቀለደች። 15ኛው አባት እዚህ ላይ ተመልሰው ልጁን መረቁት። ስማቸውን ባውቅ እኔ እሳቸውን እመርቅ ነበር።

17ኛው ወደ ኮሮና ወሰደን። መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው ሰው መገኘቱ ሲነገር፣ በማግስቱ በየሱቁ በር የውሃ ታንከር ተተከለ። ታክሲ ተራው ላይ ሳይቀር ሳሙና ተሰቅሎ ነበር። አሁን ታንከሩ አበባ ተተክሎበታል። 18ኛው፣ ታሪክ የሚወድ ሰው ነው፣ ወደ ቪየና ወሰደን። ሰመልዋይስ የሚባለው የሃንጋሪ ሐኪም በፈረንጆቹ 1847 ያየውን ተረከ። የሬሳ ምርመራ ክፍል ሲሠሩ የቆዩ ሐኪሞች በቀጥታ ወደ ወላድ ይሄዱ ነበር። በእነሱ ክፍል የሚሞቱት እናቶች አዋላጆች ከሚሠሩበት ክፍል በብዙ ይበልጡ ነበር። ሐኪሞቹን ክሎሪን ባለው ውሃ አስታጠባቸው። ከመቶ ከአሥር በላይ የነበረው ሞት ወደ ሁለት ገደማ ወረደ። የሥራ ባልደረቦቹ ግን የእኛ እጅ ነው የሚገድለው የሚለውን መስማት አልፈለጉም። በፈረንጆቹ 1865 በአእምሮ ሕሙማን መኖሪያ ውስጥ ሞተ። የንጹሕ ሰው እጅ ነው የገደለው መባል ማንንም ያስቆጣል። ይህን ዐረፍተ ነገር ስጽፍ የክሩን ባለቤት እያሰብኩ ነው፤ ቆይ፣ እንደርስበታለን።

19ኛው የፈረንጅ ተረት ሰለቸን፣ ዕጣን አጭሱበት፣ ጸበል ርጩበት ብሎ ገባ። ለሁለት ሰዓት ያህል በዚህ ተነታረኩ፤ አልደግመውም። አንዲት ሴት ብቻ፣ ጸበሉ በሚቀመጥበት ጄሪካን አፍ ላይ የሁሉም ኩባያ ስለሚነካ ጄሪካኑ ይታጠብ ስትል ጠቃሚ ነገር ጣል አደረገች። ቁጥሯ 20 ነው። 21ኛው ጓንት በካርቶን እንሸጣለን የሚል ማስታወቂያ ነበር፤ ወዲያው ተነሳ። 22ኛዋ የአዋቂ ዳይፐር ዋጋ ጠየቀች። ከዚያ ስለ ኑሮ ውድነት አምስት መስመር ጻፈች። ማን ይፈርድባታል?

23ኛዋ ሜሪላንድ በሆም ኬር፣ በሽተኛን ቤቱ ሄዶ በማስታመም፣ የምትሠራ ናት። ክሩን ወደ መንገዱ የመለሰችው እሷ ናት። ሥልጠና ሲወስዱ የተማሩትን ተራ በተራ አስቀመጠች። ሴት በሽተኛ ሲታጠቡ ከፊት ወደ ኋላ ነው፤ ከኋላ ወደ ፊት የተመለሰ ጨርቅ ሰገራን ወደ ሽንት መውጫ ያመጣል። ቱቦው የሚገባበት ቦታ በቀን አንድ ጊዜ በሳሙናና በውሃ ቀስ ብሎ ይታጠባል፤ ፀረ ጀርም አያስፈልገውም። ቱቦው ጭን ላይ በፕላስተር ይያዝ፤ ሲጎተት ውስጥ ያለውን ያቆስላል። ከረጢቱ ሁልጊዜ ከፊኛ በታች ይሁን፣ ወለል ግን አይንካ። ለማዘዋወር ሲባል ሆድ ላይ ከተጫነ፣ የቆየው ሽንት ወደ ውስጥ ይመለሳል። ሁለት ሦስተኛው ሲሞላ ይገለበጥ። መገልበጫው ዕቃ የእሳቸው ብቻ ይሁን፤ የከረጢቱ አፍ የዕቃውን ጠርዝ አይንካ። ይህን ጽፋ ስታበቃ፣ የ6ኛዋ ሲስተር ሦስት ጥያቄዎች ሳይመለሱ መቅረታቸውን አስታወሰች።

24ኛው ምላሽ የክሩ ባለቤት ነው። ከጠዋት ጀምሮ ጠፍታ ነበር። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ጥያቄ መለሰች፤ ከረጢቱ አልጋው ብረት ላይ ይሰቀላል፣ ዕቃውም ለብቻ ነው። የመጀመሪያው ላይ ግን፣ መጋጠሚያው መከፈት ያለበት መስሏት ኖሯል። ማታ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ሠራተኛዋ ከተኛች በኋላ፣ ራሷ ቱቦውን ከከረጢቱ ትፈታዋለች። ከረጢቱን በበረኪና ውሃ ታጥበዋለች። ሻወር ላይ ታንጠባጥበዋለች። ከዚያ መልሳ ትገጥመዋለች። ሠራተኛዋን አታምናትም፤ ስለዚህ ይህንን ለማንም አትሰጥም። ሰባት ወር አንድም ቀን አልዘለለችም።

ሳነበው ልቤ ወረደ።

25ኛው የሲስተር ነው። በጣም ተጠንቅቀው ነው የጻፉት። ቱቦውና ከረጢቱ አንድ ላይ ዝግ መንገድ ናቸው አሏት። መንገዱ የተዘጋው ጀርም እንዳይገባ ነው። በየምሽቱ ሲከፈት፣ የታጠበ እጅ እንኳ ቢሆን፣ በዚያ ስንጥቅ ይገባል። ከገባ ደግሞ ቱቦው ውስጥ እንደ አተላ ተጣብቆ ሽቅብ ይወጣል። ኢንፌክሽኑ ሁሉ ከዚህ ነው ብለው አልማሉም፤ ቱቦ ብቻውን ለኢንፌክሽን በቂ ምክንያት ነውና። መጀመሪያ መቆም ያለበት ነገር ግን ይኼ ነው። ከረጢቱ አይታጠብም፤ ቀኑ ሲደርስ፣ ብዙ ጊዜ በሳምንት ገደማ፣ በአዲስ ይቀየራል። አፉ ብቻ ከተገለበጠ በኋላ በአልኮል ይጠረግ።

26ኛዋ የሜሪላንዷ ናት፤ ትንሽ ተቃወመች። እነሱ ጋ እየተንቀሳቀሱ የሚውሉ ሰዎች ቀን እግር ላይ የሚታሰር ትንሽ ከረጢት፣ ማታ ትልቁን ያደርጋሉ። በሆምጣጤ ወይም በበረኪና ውሃ አጥበው መልሰው የሚጠቀሙ አሉ። ሲስተር ይኼንን ተቀበሉ፤ እሱ ለሚወጣና ለሚገባ ሰው ነው፣ አልጋ ላይ ለሚውል ሰው የሚከፈትበት ምክንያት የለም ብለው ዘጉት። ሁለት ባለሙያ ሳይሰዳደብ ሲከራከር ማየት ያስደስታል።

27ኛዋ የቤይሩቷ ናት። 3ኛውን በቁጥሩ ጠርታ ካሜራው ማንን ይቀርጽ ነበር ስትል ጠየቀችው። አልመለሰም። ልክ ናት፤ ግን ያን ጊዜ የክሩን ባለቤት ስሜት ላስብ ሞከርኩ፣ ቀጥዬ ላነበው አልቻልኩም። ሻይ አፍልቼ ተመለስኩ።

28ኛው መድኃኒቱን አነሳ። ሐኪም ነው። ቱቦ ከገባ ወር ካለፈው ሽንት ውስጥ ጀርም የሌለበት ሰው የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ሽንቱ ደፈረሰ ወይም ሸተተ ተብሎ ፋርማሲ ተሮጦ ሲፕሮ የሚባለው አንቲባዮቲክ አይገዛም። እንዲህ ሲደረግ የሚቀሩት መድኃኒቱን የለመዱ ጀርሞች ናቸው፤ በአምስተኛው ጊዜ የሚያድን መድኃኒት ይጠፋል። ምልክት ካለ ቱቦው ተቀይሮ፣ ከአዲሱ ቱቦ ሽንት ተወስዶ ካልቸር፣ ጀርሙን የሚለየው ምርመራ፣ ይሠራ። ከከረጢቱ የተቀዳ ናሙና አይረባም።

29ኛው ጮኸበት። አባቱን አጥቷል። ቆዩ፣ ምርመራ ይምጣ ሲባል ጀርሙ ደም ውስጥ ገባ። ስለ አንድ ሆስፒታል የጻፈውን እዚህ አልደግምም። ቃሉ ጠንካራ ነው፤ ኀዘኑ ይበልጣል። 30ኛው ሐኪሙ ነው፤ ኀዘኑን ተካፍሎ ልዩነቱን አስረዳ። ሽታና ድፍርስ አንድ ነገር ነው። ትኩሳት፣ ማንቀጥቀጥ፣ ድንገተኛ መደናገር፣ የጎን ሕመም፣ ወይም ከረጢቱ ውስጥ ሽንት መጥፋት ግን ሌላ ነው። እነዚህ ካሉ በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ሐኪም ነው። ማንም ቆዩ አይበላችሁ ሲል ጻፈ። 29ኛው ልብ ብቻ ለጠፈለት።

31ኛዋ ሲስተር የተረሳ ጥያቄ ጠየቁ። ከሰባት ወር በኋላም ቱቦው ያስፈልጋቸዋል ወይ? ሆስፒታል ሲወጡ የገባ ቱቦ ማንም ሳያስበው ዓመት ይከርማል። ሊወጣ የሚችል ከሆነ ከሁሉ ይበልጥ እሱ ይሻላል። ሐኪም ይየውና ይሞከር። ይኼ ጥያቄ 31ኛ ሳይሆን 1ኛ መሆን ነበረበት።

32ኛዋ ከሽንት ወጣ አለች። አያቷን አጥሚት ጋደም እንዳሉ እያጠጡ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ኒሞኒያ እንደያዛቸው ጻፈች። ቀና አድርጎ መመገብ፣ ከበሉም በኋላ ግማሽ ሰዓት ቀና እንዳሉ ማቆየት። ጥርስና ምላስ በቀን ሁለት ጊዜ መቦረሽ፤ የአፍ ጀርም ነው ሳንባ የሚገባው። በየሁለት ሰዓቱ መገላበጥ። ተረከዝና ጭራ አጥንት ላይ ሲጫኑት የማይጠፋ ቅላት ከታየ የአልጋ ቁስል ጀምሯል፤ አይታሽም፣ ከጫና ይነሳል እንጂ። 33ኛው ስኳር ያለበት አባት ያስታምማል። የኢንሱሊን መርፌ ባዶ ሃይላንድ ውስጥ ይጥል ነበር። ቆራሌው ሃይላንዱን ሊወስድ ሲል መርፌው ወጋው። አሁን ወፍራም የዲተርጀንት ጠርሙስ ይጠቀማል፤ መርፌውን መልሶ አይከድነውም፣ ሲሞላ ጤና ጣቢያ ይወስዳል። ያ ቆራሌ ተመርምሮ ነጻ መሆኑን እስኪሰማ ስድስት ወር እንዳልተኛም ጻፈ።

34ኛው የክሩ ባለቤት ነው፤ ከሁለት ቀን በኋላ የጻፈችው። ስለ ራሷ ብዙ አላለችም። ጓንት በካርቶን ገዝታ ሠራተኛዋ እጅ ላይ አስቀምጣለች። ማንቆርቆሪያውንም ከቁም ሣጥን አውርዳ በር ላይ አድርጋዋለች። ለቱቦው ጉዳይ ቀጠሮ ይዛለች። ትናንት ማታ ሦስት ሰዓት ሲሆን ግን ከልማዷ ተነስታ ሻወሩን ከፍታለች። ከረጢቱ አልጋው ላይ ተሰቅሎ ነበር፤ አልነካችውም። እናቷ ለምን ቆመሽ ታያለሽ አሏት። ውሃውን ዘግታ አጠገባቸው ተቀመጠች።